እናቴን ግሪንዊች ወንዝ ዳር ላንሸራሽራት ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ በየት በኩል ይሻላል?

ጠያቂ (የስትራትፎርዷ)
ሰላም ናችሁ ወገኖች። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ቤት መቀመጥ ደግሞ ጨርሶ አይሆንላትም፣ በየቀኑ "ለንደን ያመጣሽኝ መስኮት እንድጠብቅልሽ ነው?" ትለኛለች። እና የፊታችን ቅዳሜ ግሪንዊች ልወስዳት አስቤ ነበር፣ ወንዙን፣ የድሮ ህንጻዎቹን፣ ያንን ትልቅ የሸራ መርከብ እንድታይ። መኪና የለኝም፣ የ6 ዓመት ልጄም አብሮን ነው። ደረጃና ዳገት የሌለበት፣ በየመሀሉ አረፍ የሚባልበት መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ ባካችሁ። ሌላው ደግሞ የራሷ ካርድ ያስፈልጋታል ወይስ በኔ ባንክ ካርድ ሁለት ጊዜ ታፕ ባደርግ ይሰራል?

ደብል ዴከር
ከስትራትፎርድ ከሆናችሁማ ቀላል ነው። በዲኤልአር (የምስራቅ ለንደኑ ቀላል ባቡር) ካናሪ ዎርፍ ድረስ ትሄዱና እዛ ወርዳችሁ የሌዊሻም ባቡር ትይዛላችሁ። የዲኤልአር ጣቢያዎች ሁሉም ሊፍት ወይም ራምፕ አላቸው፣ ደረጃ አያሳስብሽ። ግን በቀጥታ ግሪንዊች አትውረዱ! አንድ ነገር ስሚኝ፣ ወንዙን ሳትሻገሩ አይላንድ ጋርደንስ ውረዱ። ከጣቢያው ሁለት ሶስት ደቂቃ ብትራመዱ ወንዙ ዳር ትንሽ ፓርክ አለ፣ አግዳሚ ወንበር ሞልቷል፣ ከዛ ሆናችሁ ማዶ ስታዩ ክሪስቶፈር ሬን የሰራው የድሮው የባህር ኃይል ኮሌጅ ሁለቱ ጉልላቶቹ፣ መሀል ላይ ነጩ የንግስቲቱ ቤት፣ ከጀርባው ኮረብታው ላይ ኦብዘርቫቶሪው (የድሮው የኮከብ መመልከቻ)፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይታያችኋል። ህንጻው ስር ከቆምሽ ይሄን አታዪውም፣ ከማዶ ነው የሚያምረው። ብዙ ሰው በቀጥታ ይሻገርና ይሄ ያመልጠዋል።

ከዛ በእግር መሿለኪያው መሻገር ነው። በ1902 ነው የተከፈተው፣ ከወንዙ ደቡብ የሚኖሩ ሰራተኞች ማዶ ወዳለው ወደብ ስራ እንዲሄዱበት ተብሎ። ርዝመቱ 370 ሜትር ገደማ ነው፣ ከሁለቱም ጫፍ ሊፍት አለው። ውስጡ ነጭ ሴራሚክ ነው፣ በጋም ቢሆን ይበርዳል፣ ነጠላዋን ትያዝ።

ጋሼ ኮፍያ
ልጄ፣ ደብል ዴከር ያለሽ መንገድ ልክ ነው ግን የመሿለኪያው ሊፍት አንዳንድ ቀን አይሰራም። የማይሰራ ከሆነ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው ያለው፣ ወደ መቶ የሚጠጋ፣ ለሚያመው ጉልበት አይሆንም። ከቤት ሳትወጪ ስልክሽ ላይ ሊፍቱን አረጋግጪ። እኔም ጉልበተ ደካማ ነኝና አንድ ጊዜ በግማሽ መንገድ ተመልሻለሁ፣ ሰው እየጠበቀኝ! ሊፍቱ ከቆመ ወደ ጣቢያው ተመልሳችሁ ሁለት ፌርማታ ቀጥሉና ግሪንዊች የሚለው ላይ ውረዱ። ከዛ እስከ መርከቡ ሰባት ስምንት ደቂቃ ሜዳ መንገድ ነው።

ከመርከቡ በኋላ ወንዙን በግራ አድርጋችሁ በኮሌጁ አጥር ጥግ ጥጉን ሂዱ፣ ትራፋልጋር የሚባለው የ1837 መጠጥ ቤት ድረስ፣ እሱ ጋር ተመለሱ። ደርሶ መልሱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥ፣ ሁሉም ሜዳ ነው። የኮሌጁ ግቢ መግባት ነጻ ነው። ሽንት ቤት ስትፈልጉ የባህር ሙዚየሙ አለ፣ መግቢያው በነጻ ነው፣ ካፌም አለው። እናትሽ ሲደክማቸው እዛ ቁጭ ይበሉ።

ታፕ አድርጌ የማልረሳ
ስለ ካርዱ፣ አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሰራም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ። እናትሽ የራሳቸው ኦይስተር (ገንዘብ የሚሞላበት የትራንስፖርት ካርድ) ይውጣላቸው፣ ብር ሞልተሽ ትሰጫቸዋለሽ። እዚሁ ለንደን የሚሰጠው የአዛውንት ነጻ ካርድ ለነዋሪ ነው እንጂ ለእንግዳ አይደለም። ልጅሽ ከ11 በታች ስለሆነ አብሮሽ እስካለ በነጻ ይሄዳል። አውቶቡስ ከያዛችሁ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ከ2014 ጀምሮ ቀርቷል።

ትልቁ ወጥመድ ደግሞ ዲኤልአር ብዙ ጣቢያው በር የለውም፣ ካርድ የሚነካበት ምሰሶ ብቻ ነው፣ እያወራሽ ታልፊዋለሽ። ስትወጪ ካልነካሽው ከፍተኛውን ዋጋ ይቆርጥብሻል። እኔ ስንቴ ተቀጣሁ፣ ስሜንም ያወጣሁት ለዛ ነው 😅 ሲወጡ የእናትሽን ካርድ አንቺ ያዢና አንቺው ንኪላቸው።

ለልጅሽ፣ ዲኤልአር ሹፌር የለውም፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ከተቀመጠ የሚነዳው እሱ ነው የሚመስለው። ግን ከቲ ሳርክ (በሸራ መርከቡ ስም የተጠራው) ጣቢያ የምትወርዱ ከሆነ ወደ መሀል ኑ፣ መድረኩ አጭር ስለሆነ የጫፍ በሮች አይከፈቱም። ደግሞ ያ ጣቢያ ለእድሳት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቀድመሽ እዪ።

ሰሜን በር
ሁላችሁም ኦብዘርቫቶሪውን ዘላችሁት። ለንደን መጥተው የዜሮ ሜሪዲያንን መስመር (ምስራቅና ምዕራብ የሚለካበትን) ሳይረግጡ? ዳገቱ አስር ደቂቃ ነው በቃ።

ጋሼ ኮፍያ
አስር ደቂቃ ላንተ ነው ወንድሜ። ያ ዳገት ቀጥ ያለ ነው፣ መውረዱ ደግሞ ለጉልበት ከመውጣቱ ይብሳል።

ደብል ዴከር
ዳገቱን በእግር የሚል ምክር አልቀበልም እኔም። ግን የግድ ማየት ከፈለጉ ከላይ በኩል መግባት ይቻላል። በዲኤልአር ዴፕትፎርድ ብሪጅ ሄደሽ (ከግሪንዊች አንድ ፌርማታ ነው) 53 ቁጥር አውቶቡስ ትይዣለሽ፣ ብላክሂዝ ድረስ ያወጣሻል፣ ከፓርኩ የላይኛው በር እስከ ኦብዘርቫቶሪው በዛፎች መሀል ሜዳ ነው። የራሱ ግማሽ ቀን ነው ግን፣ ከወንዙ ጋር በአንድ ቀን አታድርጉት።

ካልሆነ ከታች ሆናችሁ ኳሷን እዩ። ጣሪያው ላይ ቀይ ኳስ አለች፣ ከ1833 ጀምሮ የወንዙ መርከበኞች ሰዓታቸውን ያስተካክሉባት የነበረች። 12:55 ላይ ግማሽ ድረስ ትወጣለች፣ 12:58 ጫፍ ትደርሳለች፣ ልክ 13:00 ላይ ትወድቃለች (በፈረንጅ ነው የምነግርሽ፣ በኛ 7 ሰዓት)። ነፋስ ከበዛ ግን አትወጣም።

ነጠላ ጫማ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ውሃው ሲጎድል ወደ ወንዙ ጠርዝ የሚያወርዱ ደረጃዎች አሉ፣ ልጆች ሮጠው ነው የሚወርዱት። አልጌ ስላለው ያንሸራትታል። ቴምዝ ደግሞ ባህር ስለሚገፋው በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ልዩነቱ ከአንድ ፎቅ ቤት ይበልጣል፣ ሲመለስ ፈጣን ነው። እዛ ጠጠሩ ውስጥ የድሮ የሸክላ ፒፓ ስብርባሪ ይገኛል፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ መሀሉ ቀዳዳ ያለው፣ ልጅሽ አይቶ ልልቀም ማለቱ አይቀርም፣ ግን ያለ ፈቃድ መፈለግም ማንሳትም ክልክል ነው። ከላይ ሆኖ ይይ።

ሲመለሱ ደግሞ ጀልባ! ከመርከቡ አጠገብ ነው ማረፊያው፣ እስከ ታወር ብሪጅ ተቀምጠው ከተማውን ያያሉ። ኦይስተር ይቀበላል ግን የቀኑ ጣሪያ (በቀን ከዚህ በላይ አይቆረጥም የሚባለው) ውስጥ አይቆጠርም፣ ለብቻው ነው የሚያስከፍለው።

ጠያቂ (የስትራትፎርዷ)
ወገኖቼ ሄደን መጣን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!! አይላንድ ጋርደንስ ቁጭ ብላ ማዶውን እያየች ግማሽ ሰዓት አልነሳ አለች፣ ዳቦና ሻይ ይዤ ነበር። ሊፍቱም ሰርቶ ነበር፣ ግን የመሿለኪያው በር ላይ ደርሰን፣ ያ ክብ የጡብ ቤት ጋር፣ "የት ነው የሚያወጣን?" አለችኝ፣ በወንዙ ስር ነው የምንሄደው ስላት "ውሃ ከራሴ በላይ አድርጌ አልሄድም፣ እናንተ ሂዱ እዚሁ እጠብቃለሁ" ብላ ድርቅ። ምን ላርግ፣ ተመልሰን ባቡር ያዝን። ባቡሩም ራሱ በወንዙ ስር መሆኑን አልነገርኳትም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ። ልጄ ሊናገር ሲል አፉን ያዝኩት።

ኳሷንም ከኮሌጁ ግቢ ሆነን አየን። ሰዓቷን ከአዲስ አበባ ስትመጣ አላስተካከለችውም፣ ኳሷ ስትወድቅ አየት አደረገችና "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሏት" አለች። ቀጥሎ ጀልባውን እንሞክራለን፣ በላይ ስለሆነ እሺ ብላኛለች። ከታወር ብሪጅ ስንወርድ ግን ደረጃ አለው እንዴ?

ነጠላ ጫማ
ከጀልባው በራምፕ ነው የሚወጣው። ውሃው ጎድሎ ከሆነ ራምፑ ቁልቁለት ይሆናል፣ ስለዚህ ውሃ በሚሞላበት ሰዓት ሂዱ፣ ሰዓቱን ስልክሽ ላይ ታገኚዋለሽ።