ጅማ ውስጥ የጭነት መኪና ለመማር የትኛውን ማሠልጠኛ ትጠቁሙኛላችሁ?

ጠያቂ፣ ከቆጪ
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ባጃጅ ነበር የምነዳው፤ አሁን ወደ ጭነት መኪና መሸጋገር እፈልጋለሁ። ሁለት ማሠልጠኛ አይቻለሁ። አንዱ ባለ ቀይ በሩ ነው፣ ክፍያው ረከስ ይላል፤ ሌላው ሰፊ ሜዳ ያለው፣ ወደድ የሚለው ነው። አዲስ አበባ ሄደህ ተማር የሚሉኝም አሉ። አባቴ ጡረታ ላይ ናቸው፤ ገንዘቡ የሚወጣልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ። የመጀመሪያውን ሥራ እንዴት እንዳገኛችሁም ጨምሩልኝ።

የሂርማታ ልጅ
ቀይ በሩ! ሌላ አትፈልግ። እኔም ወንድሜም የአጎቴ ልጅም እዚያ ነው የተማርነው። ባለቤቱ ሰው ያከብራሉ፤ ክፍያ ቢዘገይብህ ከልምምድ አያስወጡህም። በረመዳን ሰዓታችንን ወደ ማለዳ አዛውረውልን ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ባለ ተሳቢ
ሰው ማክበራቸው ደስ ይላል፤ ሹፌር የሚያደርግህ ግን መኪናው ነው። ሁለቱም ጋር ሂድና ጠይቅ፦ ልምምዱ በየትኛው መኪና ነው? ለአንድ መኪና ስንት ሠልጣኝ ይመደባል? ከሜዳ ወጥታችሁ ዳገትና ቁልቁለት ትነዳላችሁ ወይ?

ትንሹ አይሱዙ ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ነው፤ ነገ የምትይዘው ሲኖትራክ ግን በአየር ነው። የአየር ፍሬን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጠዋት ሞተር አስነሥተህ የአየሩ ግፊት እስኪሞላ ትጠብቃለህ፤ በአየር ጋኖቹ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ታወጣለህ፤ ግፊቱ ከልክ በታች ከወረደ የኋላው ጎማ በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል ራሱ እንደሚያዝ ታውቃለህ። ይህን ሳታውቅ ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ የጫነ መኪና ይዘህ መውረድ የለብህም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ልጆች አያለሁ፤ ታች ሲደርሱ ጎማቸው ሥር ይጨሳል፣ የፍሬን ሸራው ሽታ ጋቢና ድረስ ይገባል። ፍሬን ከጋለ በኋላ ብትረግጠውም አይዝልህም። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰው ትወርዳለህ፣ የሞተር ፍሬኑን ትከፍታለህ፣ በእግርህ የምትይዘው አልፎ አልፎ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚለቅ ሹፌር ካጋጠመህ ከእሱ ጋር አትሳፈር።

የሹፌር ባለቤት
ወንድሜ፣ ባለ ተሳቢው ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ብቻ አይተው ቁልፍ የሚሰጡ ባለንብረቶች ጥቂት ናቸው። ተያዥ ይጠየቃል፣ የሚያውቅህ ሰው ይጠየቃል። ባለቤቴ መንጃ ፈቃዱን ይዞ መጀመሪያ የገባው በረዳትነት ነበር። ጎማ መፍታት፣ ታኮ ማድረግ፣ መጫኛ ማጥበቅ፣ ሌሊት ጭነት መጠበቅ የተማረው ያኔ ነው። ቁልፉን የሰጡትም የዋናው ሹፌር ምስክርነት ስለነበረለት ነው። የቡና ወቅት ሳይገባ፣ ከጥቅምት በፊት ማለት ነው፣ ሹፌሮቹን እየዞርክ ተዋወቅ።

የአጋሮ ሰው
እኔ የምመክርህ ሕዝብ ማመላለሻ እንድታወጣ ነው። ሚኒባስ ማታ ቤትህ ያስገባሃል።

ባለ ተሳቢ
ልጁ የጠየቀው ስለ ጭነት ነው።

ቡና አመላላሽ
ማሠልጠኛውን ተዉትና ሥራ ከገባህ በኋላ የሚመጣውን ልንገርህ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ኤፍኤስአር የሚባለው የአይሱዙ የጭነት መኪና ነበር፤ ከሊሙ ገነት ቡና ጫንን። ሸራው የተቀደደ መሆኑን ለባለንብረቱ ተናግሬያለሁ። «በጋ ነው፣ ሂድ» አለኝ። ሰኮሩ ላይ ዝናብ ጣለብን። ውሃው በቅዳዱ ገብቶ የላይኛውን ረድፍ ጆንያ አራሰው። ተረካቢው የረጠበውን ለይቶ አልቀበልም አለ። ባለንብረቱም ዋጋውን ከደመወዜ ላይ ቆረጠው፤ ወሩን ሙሉ ከዘመድ እየተበደርኩ ነው ቤቴን ያስተዳደርኩት። ለልጄ ደብተር መግዛት አቅቶኝ ነበር። ይህ ሥራ እንዲህ ነው።

የሂርማታ ልጅ
ቀይ በሩ የተማረ ሰው ሸራውን ሳያስጠግን አይንቀሳቀስም ነበር።

ቡና አመላላሽ
ተናግሬያለሁ ብዬ ጽፌያለሁ! ሸራው የባለንብረቱ ነው። በምን ገንዘብ ነው የማስጠግነው?

መንገደኛው
ባለንብረቱ ዝናቡንም አንተ እንዳዘነብከው አለማስፈረሙ ደግነቱ ነው።

ከጅሬን
ወገኖቼ፣ ሰውዬው ተበድሏል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በራሱ ፈቃድ ብቻ ደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ሕጉ፣ የኅብረት ስምምነቱ ወይም የሥራ ደንቡ ካልፈቀደ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ቅነሳው ሕገ ወጥ ነው። ሲፈቀድም እንኳን በጠቅላላው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። አንተ ደግሞ ጠያቂው፣ ስትቀጠር የሥራ ውልህን በጽሑፍ ጠይቅ። ውሉ በቃል ከሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። «መድን አለን» ሲሉህ ምን ዓይነት እንደሆነ አጣራ። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የተጫነውን ዕቃ አይሸፍንም፤ ለጭነቱ ለብቻው ነው የሚገባው።

ቡና አመላላሽ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጠያቂ፣ ከቆጪ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ሰፊው ሜዳ የተማረ ሰው የለም ወይ? መኪናው የአየር ፍሬን ያለው መሆኑን የሚያውቅ ካለ?

ደረቅ ሁለት
እኔ እዚያ ተምሬአለሁ። ትልቅ መኪና አላቸው፤ ወደ ኋላ እየነዱ መጋዘን ማስገባትን በደንብ ያስተምራሉ፣ ዳገት ላይ አቁሞ መነሣትንም እንዲሁ። ጉድለታቸው ሠልጣኙ መብዛቱ ነው፤ ተራህን ስትጠብቅ ትውላለህ። ማለዳ ቀድመህ ተመዝገብ። ሐሳብህ ተሳቢ ከሆነ ግን መድረሻህ ደረቅ ሦስት የሚባለው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ መሆኑን አትርሳ፤ በአንድ ጊዜ አይደረስበትም።

የሂርማታ ልጅ
ቀይ በሩ ጋ ተራ አይጠበቅም።

የሹፌር ባለቤት
ቡና አመላላሽ፣ አይዞህ። ስለ ሸራው ግን ላስተዛዝንህ ብቻ ሳይሆን ልምከርህ። ላስቲኩ ርካሽ ቢሆንም ለቡና አይሆንም፤ ፀሐይ ሲመታው ከሥሩ ያልበዋል፣ በታጠፈበት በኩልም ይሰነጠቃል። ወፍራሙ የጥጥ ሸራ ይከብዳል፣ ግን አየር ያስገባል፣ ሲቀደድም ይሰፋል። ከመጫንህ በፊት ካሶኒውን፣ ዕቃ የሚጫንበትን ማለቴ ነው፣ አሽትተው። ቡና ሽታ ይስባል፤ ናፍታ ወይም ቆዳ በነካው ወለል ላይ ከጫንከው ተረካቢው ይመልስብሃል።

ቡና አመላላሽ
መርካቶ ውስጥ ሸራ በደንብ የሚሰፋ ታውቂያለሽ እህቴ?

የሹፌር ባለቤት
አሉ፤ ጆንያ ከሚሸጡት ጎን ናቸው። የምናሠራበትን በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። ልኩን ስትሰጣቸው የካሶኒውን ርዝመትና ስፋት ብቻ አትንገራቸው፤ በጎኖቹ ወደ ታች የሚወርደውን አስጨምር፣ አለዚያ ንፋስ ያነሣዋል። የገመዱን ቀለበቶች ደግሞ በናስ ያስገቡልህ፤ የብረቱ ዝጎ ሸራውን ይበላዋል።