ሞንቴቬርዴ ከእናቴ ጋር፦ «ኢኮ» የሚባለውን ሆቴል በምን ልለየው?

ሳራ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት። መጋቢት ላይ እረፍት ስላለኝ ኮስታሪካ ይዣት ልሄድ ነው። ሙቀት ስለማትወድ የባህር ዳርቻውን ተውኩት። ሞንቴቬርዴ የሚባለውን፣ ተራራ ላይ ያለውን የደመና ደን መረጥኩ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና መናገሻ ሱባ የደን ጠባቂ ነበር። እናቴ ዛፍ ታውቃለች። ዝግባን ከጥድ በቅርፊቱ ትለያለች። ደን ልወስዳት የፈለግኩት ለዚህ ነው። ሆቴሉንም ዝም ብዬ መምረጥ ያልፈለግኩት ለዚሁ ነው።

ያየኋቸው ሆቴሎች በሙሉ «ኢኮ ነን»፣ ማለትም ተፈጥሮን አንጎዳም ይላሉ። ሁሉም ፎጣችሁን ደጋግማችሁ ተጠቀሙ ይላሉ። ዋጋቸው ግን የአንዱ ከሌላው እጥፍ ነው። ደኑን ከልቡ ለሚጠብቅ ብከፍል ደስ ይለኛል፤ ለስሙ ብቻ ግን አልከፍልም። በምን ልለየው?

ሌላው፣ እማዬ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ከፍታውና ብርዱ እንዴት ነው? ደግሞ ሁዳዴ ነው። ምን ትበላለች?

ዮናስ ዴንቨር፦

ሳራ፣ ጥሩ መርጠሻል። እኔ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሄጃለሁ። ስለ መንገዱ ልንገርሽ። ከሳን ሆሴ በመኪና ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። መጨረሻው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ይጨልማል፣ ጉሙም መንገዱ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ በጊዜ ውጪ። ሶኬቱ እንደ አሜሪካ ነው፣ አዳፕተር አያስፈልግም። የሽንት ቤት ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ነው የሚጣለው፤ ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። ስለ ሆቴሉ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስልሽ።

አስቴር ወንዶ ገነት፦

እህቴ ሳራ፣ እኔ ደን ወንዶ ገነት ተምሬ ለማስተርሴ ኮስታሪካ ሄድኩ። ቱሪያልባ በሚባል ከተማ ካቲዬ የሚሉት የግብርና ምርምርና ትምህርት ማዕከል አለ። (የእኛ የጌሻ ቡና ወደ መካከለኛው አሜሪካ የገባው በዚሁ ማዕከል በኩል ነው፤ በ1953 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ቡና እዚያ ማሳ ላይ ረድፍ ይዞ ቆሞ ሳይ እንባዬ መጥቷል።) ለጥናት ጽሑፌ ሞንቴቬርዴ ገበሬዎች ማሳ ዳር ያሉትን የነፋስ መከላከያ ዛፎች ስለካ ከርሜያለሁ። ስለዚህ ጥያቄሽ የልቤን ነካኝ።

መጀመሪያ ስለ እናትሽ። ሞንቴቬርዴ 1,400 ሜትር አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ብዙ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽ አያጥራትም። የሚያስቸግራት እርጥበቱና ነፋሱ ነው። ነፋሱ ከካሪቢያን ባህር እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። የቲላራን ተራሮችን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጉሙ ደኑ ውስጥ ሲያልፍ ቅጠሉ፣ ኦርኪዱ፣ ግንዱን ያለበሰው የዛፍ ሽበት ሁሉ ውሃውን ይይዘዋል። ዝናብ ሳይዘንብ ዛፍ ስር ቆመሽ ትርሻለሽ። ጋቢ እርጥብ ከሆነ ቶሎ አይደርቅም። ነፋስ የሚመልስ ጃኬትና የማይንሸራተት ጫማ ያዢላት። ቦቲ ጫማ የሚያከራዩ ቦታዎችም አሉ። ነፋሱ የሚበረታው ከታህሳስ እስከ የካቲት ስለሆነ በመጋቢት ይሻላል።

አሁን ወደ ሆቴሉ። የፎጣውን ወረቀት ተይው። ፎጣ አለማጠብ ለሆቴሉም ወጪ ይቀንስለታል። የሀገሪቱ መብራትም በአብዛኛው ከውሃ፣ ከነፋስና ከምድር እንፋሎት የሚመጣ ነው። ስለዚህ «ታዳሽ ኃይል እንጠቀማለን» ማለት እዚያ ብዙ አይለይም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ውሃና ስለ ዛፍ።

ውሃው እንዲህ ነው። እንግዳ የሚበዛው በበጋ ነው፤ ከታህሳስ እስከ ሚያዝያ። ምንጩ የሚቀንሰውም ያኔ ነው። በየክፍሉ ጃኩዚ ያለው ሆቴል ውሃውን ከየት እንደሚያመጣ ጠይቂ። የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል? ከመታጠቢያና ከወጥ ቤት የሚወጣው ውሃስ የት ይገባል? ሞንቴቬርዴ ውስጥ የእጥበት ውሃን ጠጠርና ተክል ባለበት ጉድጓድ አሳልፎ የሚያጣራ ቤትም ሆቴልም አለ። ያለው ሰው ሲጠየቅ ወስዶ ያሳይሻል፤ ይኮራበታል። የሌለው ወሬ ይቀይራል።

ዛፉን ለመረዳት ግን የቦታውን ታሪክ ማወቅ ይጠቅምሻል። በ1951 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኩዌከሮች የሚባሉ የክርስትና እምነት ተከታዮች ከአሜሪካ አላባማ መጥተው እዚያ ሰፈሩ። ጦርነት ሃይማኖታቸው አይፈቅድም። ከመካከላቸው ለውትድርና አንመዘገብም ብለው የታሰሩ ወጣቶች ነበሩ። ኮስታሪካ ደግሞ ሠራዊቷን በ1948 አፍርሳለች። መሬቱን ገዝተው ላም አረቡ፣ አይብ መሥራት ጀመሩ። ለግጦሽ ብዙ ደን መንጥረዋል። የተራራውን ራስ ግን ሳይነኩ ተዉት፣ ወንዛቸው የሚነሳው ከዚያ ነበርና። በ1972 ጆርጅ ፓወል የሚባል የወፍ ተመራማሪ ከእነሱ አንዱ ከሆነው ከዊልፎርድ ጉዊንደን ጋር ሆኖ የዛሬው የተጠበቀ ደን እንዲመሠረት ደከመ። አሁን ጎብኚ የሚሄደው እዚያ ነው።

ሰው ሁሉ ማየት የሚፈልገው ኬትሳል የሚባለውን ወፍ ነው። አረንጓዴ ነው፤ ደረቱ ቀይ፣ ጭራው ረጅም። የሚኖረው በጫካ አቮካዶ ነው። ፍሬዋ ትንሽ ናት፤ ሙሉዋን ይውጥና ዘሩን ይተፋል፣ እንዲህ አድርጎ ዛፉን ይዘራዋል። ፓወል ወፎቹ ላይ ትንሽ ሬዲዮ አስሮ ሲከተላቸው፣ እንቁላል ጥለው ጫጩት ካሳደጉ በኋላ ከተጠበቀው ደን ወጥተው ቁልቁል እንደሚወርዱ አየ። የጫካ አቮካዶው በየከፍታው የሚያፈራበት ወር ይለያያል። ወፉ ፍሬውን ተከትሎ ይወርዳል። ታች ያለው ደግሞ የግለሰብ መሬት ነው፦ የላም ግጦሽ፣ የቡና ማሳ፣ ሆቴል።

ሳራ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ላይኛው ደን ታጥሮ ቢጠበቅም ታችኛው ከተራቆተ ወፉ አይተርፍም። ሆቴሉ ያለው ታች ነው። ስለዚህ ሆቴሉን የምትመዝኚው ግቢው ውስጥና ከግቢው በታች ባለው ዛፍ ነው። «መሬታችሁ ላይ የተከላችሁት የአገር ዛፍ ምን ምን ነው? ከየት ችግኝ ጣቢያ መጣ?» ብለሽ ጻፊላቸው። ከሞንቴቬርዴ እስከ ኒኮያ ባህረ ሰላጤ ድረስ ደኑን በዛፍ ለማያያዝ የሚሠራ፣ በቤልበርድ ወፍ ስም የተጠራ የደን መተላለፊያ አለ። ገበሬውም ሆቴሉም ችግኝ ሊተክልበት ይችላል። የዛፉን ስም እየጠራ የሚመልስልሽ ሥራ አስኪያጅ ካገኘሽ ክፈይው። ግቢው ለዓይን የሚያምር የውጭ አበባና የተስተካከለ ሣር ብቻ ከሆነ ለእኔ ተራ ሆቴል ነው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ቢደረድርም።

«ከክፍያው ለደን እንለግሳለን» ካሉሽ ለማን ብለሽ ጠይቂ። የስዊድን ገጠር ተማሪዎች በ1987 ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረው የተመሠረተው የሕፃናቱ ዘላለማዊ ደን ዛሬ ከ22,000 ሄክታር በላይ ነው። እንዲህ በስሙ የሚጠራ ነገር ሊነግሩሽ ይገባል። የመንግሥት ቱሪዝም ተቋም ከ1997 ጀምሮ የሚሰጠው ሴ ኤስ ቴ የሚባል የዘላቂ ቱሪዝም ምስክር ወረቀትም አለ። ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን አንዳንድ ትንሽ የቤተሰብ ማረፊያ ወረቀቱ ሳይኖረው ከትልቁ የተሻለ ይሠራል። ማታ የውጭ መብራቱ ደብዛዛና ወደ መሬት ያጎነበሰ መሆኑንም እዪ። ደማቅ መብራት የሌሊት ነፍሳትን ይፈጃል።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ስለሚያሳስበኝ ነው። ከሞንቴቬርዴ በላይ ባለች ጠባብ ቦታ ብቻ ይኖር የነበረ ወርቃማ እንቁራሪት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1989 ነው። ድርቅና የፈንገስ በሽታ ተጋግዘው እንደጨረሱት ነው ተመራማሪዎች የሚናገሩት። የሞተበት ቦታ በደንብ የተጠበቀ ደን ነበር።

ጾሙ ቀላል ነው። ጋዮ ፒንቶ የሚሉት ሩዝና ጥቁር ባቄላ የዕለት ምግባቸው ነው። በምሳ ካሳዶ ይባላል፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ሰላጣ። ሥጋውን አታምጡ ትያቸዋለሽ። ባቄላውን በአሳማ ስብ የሚሠሩ ስላሉ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ማንቴካ» በያቸው። ሥጋም፣ አይብም፣ ስብም የሌለው ያመጡልሻል።

ገመቹ ከጎባ፦

እህት አስቴር፣ ጥሩ ጽፈሻል። እኔ ጎባ ነኝ፤ እንግዳ ይዤ የባሌ ተራሮችን፣ ሰነቴ የሚባለውን አምባ አቋርጬ ወደ ሪራ መንደር እወርዳለሁ። የእኛ ሐረና እኮ የደመና ደን ነው። 4,000 ሜትር ላይ ጅብራና ቀይ ቀበሮ አይተሽ፣ ቁልቁል ስትወርጂ ኮሶ ይቀበልሻል፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ታች ደግሞ የዱር ቡና። የባሌ ጦጣ ቀርከሃው ውስጥ ነው፤ ከሀገራችን ውጭ የትም የለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ማረፊያ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ማገዶ ይጠይቅ። ሙቅ ሻወሩ በምን ይሞቃል? ወጥ ቤቱ ምን ያነዳል? ማታ እንግዳው ፊት የሚነደው ግንድ ከየት መጣ? ቀፎ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ማር የሚቆርጥ ገበሬ ዛፉን አያስቆርጥም። ማረፊያው ማሩንና ቡናውን ከዚያ ገበሬ ከገዛ ደኑ ዘበኛ አገኘ ማለት ነው።

አስቴር ወንዶ ገነት፦

ወንድሜ ገመቹ፣ ስለ ማገዶው ልክ ነህ። ሞንቴቬርዴ ይህ ጥያቄ ብዙ አይነሳም፣ እኛ ጋ ግን ዋናው እሱ ነው። ስለ ማሩም እንዲሁ። የሐረና ገበሬ ከደኑ ገቢ ካላገኘ ማንም ሌላ ሰው አይጠብቀውም። ከባሌ የሚወርደው ውሃ እስከ ሶማሌ ቆላ ድረስ ሰውና ከብት የሚያጠጣ ነው።

ሳራ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አስቴርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዎቹን ለሦስት ሆቴሎች ላክኩ። አንዱ አልመለሰም። አንዱ የሚያምር ብሮሹር ላከልኝ፣ ዛፍ የሚል ቃል ግን የለበትም። ሦስተኛው ትንሽ የቤተሰብ ማረፊያ ነው። ባለቤቷ ራሷ መለሰችልኝ፦ ሦስት ዓይነት የጫካ አቮካዶ ተክለዋል፣ የእጥበት ውሃው የሚያልፍበትን ጉድጓድ ፎቶ አንስታ ላከች፣ ጃኩዚ የለንም አለች። እሱን ያዝኩ። እማዬ ስነግራት «አቮካዶውን የሚበላውን ወፍ ሳላይ አልመለስም» ብላለች። በዚህ ጉልበቷ የት ልውሰዳት? ገመቹ፣ ሐረናን ደግሞ ለሀገር ቤት ጉዟችን ይዤዋለሁ።

አስቴር ወንዶ ገነት፦

ደስ ብሎኛል! ለእሷ ኩሪ ካንቻ የሚባለውን ጥብቅ ቦታ አስቀድሚ። ከፊሉ ድሮ የላም ግጦሽ ስለነበር ገለጥ ያለ ነው፤ ዳገቱም አይከብድም፣ ኬትሳልም ይገባበታል። ሳንታ ኤሌና የሚባለውን ሌላውን ጥብቅ ደን ተይው፣ ከፍ ያለና ጭቃ የሚበዛበት ነው። የአካባቢ አስጎብኚ ያዢና በጠዋት ግቡ። ሰውዬው በሦስት እግር የቆመ ቴሌስኮፕ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ወፉን ካገኘ እሱ ያስተካክልላታል፣ እሷ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። የምትታጠፍ ትንሽ መቀመጫ ብትይዢላት ጥሩ ነው። ቲኬቱን ከወዲሁ ግዢ፤ የእነሱ የፋሲካ ሳምንት በዚያው ሰሞን ከዋለ የሀገሩ ሰው ሁሉ ስለሚወጣ ቦታ አይገኝም።