ዲስክ ላለበት ሰው ፒላተስ ይሆናል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። አንዲት እናትን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዞር ወገቤን ያዝ አደረገኝ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ዲስክሽ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ወጣ ብሏል ተባልኩ። ህመሙ እስከ ግራ እግሬ ይወርድ ነበር። ፊዚዮቴራፒ ሄጄ እግሬን ለቀቀኝ፤ ኢንሹራንሱ የሚከፍልልኝ ቀጠሮ ግን አለቀ። ወገቤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግትር ይላል። ቴራፒስቷ ስታሰናብተኝ «ፒላተስ ጀምሪ» አለችኝ፤ ሆድና ወገብ የሚያጠነክር ስፖርት ነው። የስቱዲዮው ዋጋ አይቀመስም። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ደግሞ ጭንቅላትና እግር አንድ ላይ የሚያነሱ ናቸው፤ ፈራሁ። ሥራዬንም መተው አልችልም። ምን ትሉኛላችሁ?

የታክሲው ሰው፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። እኔም ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ስለምውል ወገቤ አልቆ ነበር። በእግር መሄድ ነው የጠቀመኝ። ፒላተስ አላውቅም፤ ሲትአፕ ግን ተይው፣ እኔን አባብሶብኛል።

ፊዚዮ አዲስ፦
እህቴ፣ እንኳን እግርሽን ለቀቀሽ። ህመም ከእግር ወደ ወገብ ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው። አዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ወገብ ሳላይ የምውልበት ቀን የለም።

መፍራትሽ ትክክል ነው። ፒላተስን የጀመረው ጆሴፍ ፒላተስ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች አስረውት ካምፕ ውስጥ እስረኞችን ያሠራ ነበር። በኋላ ኒውዮርክ ገብቶ በዳንሰኞች ዘንድ ስሙ ገነነ። ዩቲዩብ ላይ ያየሽው ለእንደዚያ ዓይነት ሰውነት ነው። ለተጎዳ ሰው እኛ ቆራርጠን፣ አቅልለን ነው የምንሰጠው። ጭንቅላትና እግር አንድ ላይ የሚነሳበትን፣ ወገብ የሚጠቀለልበትን ለጊዜው እርሺው።

ስለ ስቱዲዮው አትጨነቂ። በ2015 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የሚባል ድርጅት፣ ፒላተስ ለወገብ ህመም ይጠቅም እንደሆነ የተሠሩ 10 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ማስረጃው ያን ያህል ጠንካራ ባይሆንም፣ ፒላተስ እንዲሁ ከመቀመጥ ይሻላል። ከሌላ ስፖርት ይበልጣል የሚያሰኝ ግን አልተገኘም። ዋናው ሳያቋርጡ መሥራት ነው። የታክሲው ወንድማችን እርምጃም ይቆጠራል።

በዚህ ጀምሪ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ። ከፊት በኩል ሁለቱን የዳሌ አጥንቶች ፈልጊና ጣቶችሽን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቢ። ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ተንፍሺ፤ የታችኛውን ሆድሽን በጣም በትንሹ ወደ ውስጥ ሳቢ። ጣትሽ ሥር ቀስ ብሎ የሚጠብቅ ነገር ይሰማሻል። ሆድሽ ጣትሽን ወደ ላይ ከገፋ አብዝተሻል። ጥብቀቱን እንደያዝሽ መተንፈስ ስትችዪ አንድ እግር ከመሬት አንሺ። ዳሌሽ ወደ ጎን ካዘነበለ ገና ነው፤ ተረከዝሽን ብቻ አንሺ። ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ «ይኼም ስፖርት ነው?» ይለኛል። ከባዱ እሱ ነው።

ሥራሽን በተመለከተ ግን በግልጽ ልናገር። የትኛውም የሆድ ጡንቻ ሙሉ ሰው ብቻውን ለማንሳት አይበቃም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ጥናት ተቋም፣ ናዮሽ፣ አንድ ሠራተኛ በሽተኛ ሲያነሳ ከ35 ፓውንድ እንዳያልፍ ይመክራል፤ 16 ኪሎ ገደማ ነው። የማንሻ ማሽኑን ጠይቂ፣ ሁለተኛ ሰው ጥሪ። አልጋውን እስከ ወገብሽ ከፍ አድርጊው፤ ወገብሽን ሳይሆን እግርሽን አዙሪ። ይህን ማሟላት የአሠሪሽ ግዴታ ነው፤ አትፈሪያቸው።

እግርሽ ከደከመ፣ ሽንት እምቢ ካለሽ ወይም ካመለጠሽ፣ ጭንሽ መሃል ከደነዘዘ ስፖርቱን ተይና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። አልጋ ላይ ብሠራውስ? ጠዋት እንደነቃሁ ይመቸኛል።

ፊዚዮ አዲስ፦
መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፊ። ፍራሽ ስለሚሰምጥ ዳሌሽ ሲንቀሳቀስ አይታወቅሽም። ጠዋት እንደነቃሽም አይሁን፤ ዲስክ ሌሊት ውሃ መጥጦ ስለሚወጠር ነው ግትር የሚልሽ። መጀመሪያ ተነሺ፣ ቡናሽን አፍዪ፣ ወዲያ ወዲህ በዪ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሥሪ። የሌሊት ፈረቃ ከሆንሽ ንገሪኝ፣ ሰዓቱን እናስተካክለዋለን።