ውኃው በ92 ዲግሪ ፈላ፤ ተማሪዎቼ ምክንያቱን ራሳቸው እንዲያብራሩ እንዴት ላስተምራቸው?

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ መምህር፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የሙያ አጋሮቼ። ተማሪዎቼ በቤተ ሙከራ ውኃ አፍልተው ሙቀቱን በቴርሞሜትር ሲለኩ ንባቡ በሁሉም ቡድን 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ላይ ቆመ። ሆኖም ብዙዎቹ በሪፖርታቸው ያሰፈሩት ያዩትን ሳይሆን ከመጽሐፍ የሚያውቁትን 100ን ነው። 92 ብለው የጻፉትም ምክንያቱን ሲጠየቁ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች» ብለው ያቆማሉ። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ከፍታው ውኃውን ምን እንዳደረገው አይናገርም። ድምዳሜ፣ ማስረጃ እና አመክንዮ የሚሉ ሦስት ክፍት ቦታዎች ያሉት ቅጽ ባዘጋጅላቸውም፣ በአመክንዮው ቦታ ማስረጃውን ደግመው ይጽፉታል። ሁለቱን የሚያያይዘውን ሐሳብ ራሳቸው እንዲገነቡት ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ የፊዚክስ መምህር፣ ባሕር ዳር

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎችዎ የዘለሉትን መንገድ መጀመሪያ እኛ መምህራን በግልጽ ልናየው ይገባል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውኃ የሚፈላው ደግሞ የራሱ እንፋሎት ግፊት ከውጭው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ስለሆነ፣ የውጭው ግፊት ባነሰበት ቦታ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ተማሪው ከዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀለበት ብቻ ይዟል። እኔ መልሱን ከመንገር ይልቅ ተማሪው በተናገረው ላይ «ከዚያስ ምን ይሆናል?» እያልሁ እጠይቃለሁ፤ ከከፍታ ተነሥቶ እስከ ውኃው ድረስ ሳይደርስም አልለቀውም። ቅጹን የማድለው ይህን በቃል ከተከራከሩበት በኋላ ነው።

መልስ 2፦ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ድሬዳዋ

ከላይ በተሰጠው ምክር ብስማማም አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። ተማሪ አመክንዮ የሚያስፈልገው ድምዳሜውን የሚቃወም ሌላ ማብራሪያ ሲገጥመው ነው፤ ተቃዋሚ በሌለበት «ለምን?» ብንለው የምንፈልገውን ቃል ለመገመት ይሞክራል። ስለዚህ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል» እና «ውኃው ንጹሕ ስላልሆነ ይሆናል» የሚሉትን ሐሳቦች እርስዎ ራስዎ ያቅርቡና እንዴት እንደሚፈተኑ እነርሱ ይወስኑ። ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ቢያስገቡት ዜሮ አካባቢ ማንበብ አለበት፤ የበረዶ መቅለጫ ከፍታ ሲለወጥ የሚለወጠው እጅግ በጥቂቱ ነውና። ዜሮን በትክክል ማንበቡ 92ንም በትክክል ለማንበቡ ሙሉ ዋስትና አይሆንም የሚል ተማሪ ከተነሣ ደስ ይበልዎ፤ የሌሎቹን ቡድኖች ቴርሞሜትሮች እንዲያነጻጽር ይላኩት። በውኃ ውስጥ የሟሟ ጨው ደግሞ የፍሌቱን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ከ100 በታች ለመውረዱ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

100 ብለው የጻፉትን ልጆች አይቅጧቸው፤ «ያነበብከውን 92 በምን ማስረጃ ጣልከው?» ተብለው በክፍሉ ፊት አቋማቸውን እንዲከላከሉ ዕድል ይስጧቸው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ልጆችዎ አስቀድመው ተንብየው ከነምክንያቱ ይጻፉ። እኛ ለክተን 96 አካባቢ ያገኘነውን ውጤት ከዚያ በኋላ ያሳዩአቸው።

ጠያቂው፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሆኖም በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉኝ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ስለሆነ የገባቸውን እንኳ ለመጻፍ ይቸገራሉ። የሁሉንም ጽሑፍ አንብቤ ለማረምም ጊዜው አይበቃኝም።

መልስ 3፦ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር

ልጄ፣ ክርክሩን በሚያስቡበት ቋንቋ ያድርጉት፤ በእንግሊዝኛ የሚጽፉት የደረሱበትን ሐሳብ ይሁን። ሐሳቡና ቋንቋው በአንድ ጊዜ ሲጫኑባቸው ሁለቱንም ያጣሉ። ስድሳ ወረቀት ማረምም አይጠበቅብህም፤ አምስት አምስት ሆነው አንድ ማብራሪያ ይጻፉ፣ ከዚያም ቡድኖቹ ወረቀት ተለዋውጠው አመክንዮው የተቋረጠበትን ቦታ ያስምሩ። የራሱን ጉድለት የማያይ ልጅ የሌላውን ጉድለት ፈጥኖ ያያል። እያንዳንዱ ምን ያህል እንደገባው ለማወቅ ደግሞ፣ ባቄላ በደጋ ቀቅለው ሲያበስሉት ከቆላው ይልቅ ለምን እንደሚዘገይ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የግፊት ድስት ግን ለምን እንደሚፈጥን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጠይቃቸው። ግፊትን ያልጠቀሰ መልስ ወዲያው ይለያል።

ግፊቱን በዓይናቸው እንዲያዩት ከፈለግህ፣ መርፌ በሌለው የፕላስቲክ ሲሪንጅ ጥቂት ሞቃት ውኃ ስበህ፣ አየሩን አስወጥተህ፣ ጫፉን በጣትህ ድፈንና ማንሻውን ወደ ኋላ ጎትት፤ ከእሳት የራቀው ውኃ ይፈላል። ውኃው ግን አስቀድሞ ፈልቶ ትንሽ የበረደ ይሁን፤ አለዚያ የሟሟው አየር ሲወጣ የሚፈጥረውን አረፋ ፍሌት ነው ብለው ይደመድማሉ።