ክራኩን አውጥቶ ሕጋዊውን ማስገባት፦ ፋይሉስ?

አወያዩ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሳምንት ተንጠልጥሎ የቀረውን እንቀጥል። ድርጅቶችና ትምህርት ቤቶች ያለ ፈቃድ የተጫነ (ክራክ የተደረገ) ዊንዶውስ ያለባቸውን ኮምፒዩተሮች በግዴታ ይቀይሩ የሚለውን ብዙዎቻችሁ ደግፋችኋል። የተቃወማችሁት ደግሞ «ቀይሩ ማለት ቀላል ነው፣ የአሥር ዓመት ሥራ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» ብላችኋል። ስለዚህ ግዴታው ልክ ነው ወይ? ልክ ከሆነስ ፋይል ሳይጠፋ በየት በኩል? መሰዳደብ የለም። ያልተገዛን ዊንዶውስ የተገዛ የሚያስመስል ፕሮግራም፣ አክቲቬተር የሚባለውን፣ ሊንክ የለጠፈ ይወጣል።

ነፃ ሰው፦ እኔ እንደተለመደው ተቃዋሚ ነኝ። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1976 ለኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ሶፍትዌር ትሰርቃላችሁ ብሎ ተቆጣ። በ1998 ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲናገር፣ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ከለመዱት በኋላ ገንዘቡን የምንሰበስብበትን መንገድ እናገኛለን የሚል ነገር ተናገረ። ለምደን የቀረነው እኛ ነን፣ አሁን ሌባ የምንባለውም እኛው። ኮምፒዩተሬ ይሠራል። የሚሠራን ነገር ለምን እነካካለሁ?

ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ «ይሠራል» የምትለው ነገር ከጀርባ ምን እንደሚሠራ አይተህ ታውቃለህ? አብዛኛው አክቲቬተር ለትልልቅ ድርጅቶች የተዘጋጀውን ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር ያስመስላል። በዚያ አሠራር ማረጋገጫው የሚያገለግለው 180 ቀን ነው፣ ስለዚህ ራሱን እያደሰ እንዲኖር አንድ ነገር ተክሎብህ ይሄዳል። ስትጭነው የሚያዝህ የመጀመሪያ ነገር ደግሞ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። ዘበኛውን አሰናብተህ፣ በሩን ከፍተህ፣ ከዚያ ማን እንደገባ በምን ታውቃለህ? እኔ ጋ ከሚመጡት የቫይረስ ማሽኖች ስንቶቹ በዚህ በር እንደገቡ ቆጥሬ አላውቅም፤ መቁጠር ራሱ ያደክማል።

ፔንግዊን፦ ላይሰንስ (ሕጋዊ ፈቃድ) ለሌለው ኮምፒዩተር ማይክሮሶፍት የደኅንነት አፕዴት አይሰጥም፣ ይህንንም ጨምሩበት።

መምህርቷ፦ እሱ እንኳ ትክክል አይደለም። ያለ ፈቃድ ያለውም ዊንዶውስ የደኅንነት አፕዴት ይደርሰዋል። የሚያጠፋው ተጠቃሚው ነው፤ ክራኩ ይታወቅብኛል ብሎ ይፈራል፣ ወይም የጫነለት ሰው ቀድሞ ዘግቶለት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት በመጋቢት ወጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ! ፋይላቸው ከተቆለፈባቸው አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ላይ ያሉ፣ አፕዴቱን ያልወሰዱ ነበሩ። «ፋይሌ እንዳይጠፋ ብዬ አልነካውም» የሚለውን ክርክር ለዚህ ነው የማልቀበለው። አለመንካትም ፋይል ያጠፋል።

ነፃ ሰው፦ ዋናክራይ ሕጋዊ ዊንዶውስ ያላቸውን ሆስፒታሎችም መትቷል። ላይሰንስ አላዳናቸውም።

መምህርቷ፦ አፕዴት ስላልወሰዱ። እዚያ ላይ ተስማምተናል።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ፍልስፍናውን ለእናንተ ትቼ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ላፕቶፔ ስገዛው ከዊንዶውስ 10 ጋር ነበር የመጣው። ከዓመታት በፊት ተበላሽቶ ለአንድ ልጅ ብሰጠው «ፕሮ ጭኜልዎታለሁ» ብሎ መለሰልኝ። ክራክ መሆኑን አሁን ከእናንተ ነው የተረዳሁት። የ15 ዓመት ፎቶና የምጽፈው ማስታወሻ አለበት። አዲስ ኪ (የፈቃድ ቁጥር) ገዝቼ ባስገባ ይበቃል ወይስ ሁሉም ነገር ፎርማት መደረግ አለበት?

ጠጋኙ፦ ጋሼ፣ ከመግዛትዎ በፊት ይቆዩ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ፣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ኮምፒዩተሮች ኪያቸው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ሃርድ ዲስኩ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ እሱ አይጠፋም። የእርስዎ ላፕቶፕ የመጣው ሆም ከሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ጋር ይመስለኛል። ልጁ ፕሮ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሲጭንበት የሆሙ ኪ ለፕሮ ስለማይሆን ክራክ አደረገው። የከፈሉበትን ቤት ቆልፈው በሰው ጓሮ ሲኖሩ ነው የከረሙት። ይህን በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ አይለመደኝም።

ጡረተኛው፦ እና ሆሙን መልሼ ባስገባ?

ጠጋኙ፦ ትክክለኛው እሱ ነው። ግን ከፕሮ ወደ ሆም ሲወርዱ ፕሮግራሞቹ አብረው አይወርዱም። በንጹህ መጫን ነው። ኪ ብቻ ቀይሮ መቀጠል የሚቻለው ለምሳሌ የተጫነውና የተገዛው ዓይነት አንድ ሲሆን ነው፤ ፕሮ ላይ የፕሮ ኪ። ያኔ ከሴቲንግ ገብቶ ኪውን መቀየር ብቻ ነው፣ አንድ ፋይል አይነካም። ችግሩ አክቲቬተሩ የተከለው ነገርም አይነካም! ወረቀቱ ሕጋዊ ሆነ ማለት ቤቱ ጸዳ ማለት አይደለም። ስለዚህ የእኔ አቋም፦ ክራክ የነበረበት ማሽን ሁሉ ከዜሮ ይጫን።

የሒሳቧ ልጅ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ምክንያቴንም በደንብ ስሙኝ። «ከዜሮ ይጫን» የምትሉት ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ኮፒ ከተደረገ ሁሉም ነገር ተርፏል ብላችሁ ነው። የምሠራበት ድርጅት ውስጥ አንድ ባለሙያ እንዲህ አድርጎ ፎርማት አደረገው። የሒሳብ ፕሮግራማችን ዳታቤዝ ግን የተቀመጠው እኛ የምናውቀው ፎልደር ውስጥ አልነበረም፣ ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ነው። የሁለት ዓመት ደረሰኝ በእጅ መልሰን አስገባን። እኔ ጣቴ እስኪደነዝዝ። ከዚያ ወዲህ ፎርማት የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይገለበጣል። ኪ መቀየር ከተቻለ ኪ ይቀየር፣ ጽዳቱ በአንቲቫይረስ ይሠራ።

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል፤ ግን ጥፋቱ የፎርማቱ ነው ወይስ ሳይጠይቅ ፎርማት ያደረገው ሰውዬ?

የሒሳቧ ልጅ፦ ለእኔ ልዩነት የለውም፤ ደረሰኙን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቢያንስ ይህን ለሌሎቹ ልናገር፦ የዳታቤዝ ፋይል ፕሮግራሙ እየሠራ እያለ ዝም ብሎ ኮፒ አይደረግም። ፕሮግራሙ ራሱ ባክአፕ የሚል ቦታ አለው፣ በዚያ ነው የሚወጣው። ወጥቶም ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈት። ሲከፈት ያላየሁትን ባክአፕ እኔ ባክአፕ አልለውም። የብራውዘር ፓስዎርድ፣ የአውትሉክ ኢሜይል የሚቀመጥበት ፒኤስቲ ፋይል፣ አፕዳታ የሚባለው የተደበቀ ፎልደር... ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም።

ፔንግዊን፦ ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ ደግሞ የፍላሹ አደረጃጀት (ፎርማት) ፋት32 የሚባለው ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም ቪዲዮ ያላችሁ ሰዎች፣ ኤክስፋት ወደሚባለው ቀይሩት።

ነፃ ሰው፦ ይኸው! በዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ነው እንግዲህ ሰውን በግዴታ የምትከቱት። ባይሆንስ ፋይሉ ሲ ላይ እንጂ ዲ ላይ ካልሆነ ምን ችግር አለ? ደግሞ ፎርማት ሳያደርጉ መጫን ይቻላል፣ አሮጌው ሁሉ ዊንዶውስ ኦልድ የሚል ፎልደር ውስጥ ይገባል።

ጠጋኙ፦ ገልብጠኸዋል። ዲ ላይ ያለው ነው የሚተርፈው፣ እሱም ጫኙ ተሳስቶ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) ካላጠፋው ነው። ዊንዶውስ ኦልድም እውነት ነው፤ ግን የማረፊያ ክፍል ነው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ያጠፋዋል። ከማሻሻል በኋላ 10 ቀን ነው። እሱን ባክአፕ ብሎ የተኛ ሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ እኔ ይመጣል። «በሪከቨሪ ሶፍትዌር መልስልኝ» ይላል። በድሮው ሃርድ ዲስክ ዕድል ነበረን። ኤስኤስዲ በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ ግን ፎርማት ሲደረግ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ ይሄድና ዲስኩ የተለቀቀውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል። ምንም አላገኝም። ገንዘብም አልቀበልም፣ ምን ብዬ እቀበላለሁ?

ጡረተኛው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል ነበር። የናንተ ዕቃ ግን ከፈሰሰ የማይለቀም ነው መሰለኝ።

ፔንግዊን፦ ጋሼ በአንድ መስመር ጨረሱት። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ጠቦብኛል። ለምን ከዊንዶውስ ወደ ዊንዶውስ? የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ብዙ ጤነኛ ማሽን አያልፍም። በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ሊኑክስ የሚገዛ ላይሰንስ አይጠይቅም። ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ዲስኩን ሳትነኩ ትሞክሩታላችሁ። ዊንዶውሱ አልነሳ ላለ ኮምፒዩተር እንኳ ከፍላሹ አስነስታችሁ ፋይሉን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ታወጣላችሁ።

የሒሳቧ ልጅ፦ የሒሳብ ፕሮግራሜስ?

ፔንግዊን፦ እሱ... የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን ሊሠራ ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል። አልዋሽሽም።

መምህርቷ፦ ይህን መልስህን ወደድኩት። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ጀምሮ እስከ 2013 ድረስ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊኑክስ አዞረ፣ በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ (ወታደራዊ ፖሊስ) ግን እስካሁን አለበት። ከልዩነታቸው አንዱ ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል፤ ፈረንሳዮቹ መጀመሪያ በ2005 ኦፊሱን ወደ ኦፕን ኦፊስ ቀየሩ፣ ከዚያ ብራውዘሩንና ኢሜይሉን፣ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ የመጣው በ2008 ነው። ሰዉ ፕሮግራሞቹን ለምዶ ስለነበር ሥሩ ያለው ሥርዓት ሲቀየር ብዙም አልደነገጠም። ግዴታ የሚባል ነገር ከኖረ በዚህ መልክ ነው የምደግፈው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ቀይሩ» የሚል ደብዳቤ የሚወልደው የሒሳቧን ልጅ ታሪክ ነው።

አወያዩ፦ ጠጋኙ፣ ከዜሮ ይጫን ብለሃል። እሷ አይነካ ብላለች። መካከል የለም?

ጠጋኙ፦ አለ፣ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። አሮጌውን ዲስክ አለመንካት! አውጥቶ ማስቀመጥ፣ በቦታው አዲስ ኤስኤስዲ ማስገባት፣ ንጹሁን እዚያ ላይ መጫን። ፋይሉን ከአሮጌው በኬብል እየሳቡ ማምጣት፣ ፕሮግራም ግን ምንም አለማምጣት። የረሳችሁት ነገር ከሦስት ወር በኋላ ትዝ ቢላችሁ ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለእሷም ቢሆን የሒሳብ ፕሮግራሙ አዲሱ ላይ ሠርቶ እስኪታይ አሮጌውን መልሶ ሰክቶ መሥራት ይቻላል።

መምህርቷ፦ ሁለት ነገር ልጨምር። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ከላፕቶፑ ሲወጣ ባለ 48 አኃዝ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከማውጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ ዲስካቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ አይወጣም።

የሒሳቧ ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ። ዲስኩን ድርጅቱ የሚገዛ ከሆነ። ግዴታ የሚያወጣው አካል የዲስኩንም ወጪ ያውጣ፣ ካልሆነ ደብዳቤውን ይያዘው።

ነፃ ሰው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሒሳብ ክፍል ጋር ተስማማሁ።

(ከአምስት ቀን በኋላ)

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ የወንድሜ ልጅ አዲሱን ዲስክ አስገባልኝ። ስንጭን ኪ እንኳ አልጠየቀንም፣ ራሱ ሆም ብሎ ገባ። ከኢንተርኔት ጋር ስናገናኘው አክቲቬትድ የሚል ጽሑፍ አየሁ። ፎቶውም ማስታወሻውም ተመልሷል። የአሮጌውን ተጠቃሚ ፎልደር ስከፍት መጀመሪያ ፈቃድ የለህም ብሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ኮንቲኒው ስለው ግን ከፈተልኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠፋ፤ እስክሪኑ ላይ የምለጥፋቸው ቢጫ ወረቀቶች።

ጠጋኙ፦ ስቲኪ ኖት! እሱን ማንም አልጠራውም። አልጠፋም ጋሼ። አሮጌው ዲስክ ላይ፣ አፕዳታ ውስጥ፣ ሎካል፣ ከዚያ ፓኬጅስ ውስጥ የስቲኪ ኖትስ ፎልደር አለ። ፕለም የሚል ስም ያለውን የዳታቤዝ ፋይል ፈልጉ፤ ከአጠገቡ በዚያው ስም የሚጀምሩ ሌሎች ካሉ አብረው ይምጡ። አፕዳታ የተደበቀ ስለሆነ ሂደን የሚለውን ማሳየት አለባችሁ።

ጡረተኛው፦ ተገኘ። የልጅ ልጆቼ የልደት ቀን ነበር።

ነፃ ሰው፦ ጋሼ፣ ለሌላ ጉዳይ ፈልጌው ነው እንጂ... ያ ኬብል ስሙ ማን ይባላል?

ጡረተኛው፦ ልጁ ሳታ ወደ ዩኤስቢ ነው የሚለው። መጀመሪያ ግን የአንተ ዲስክ ከቦርዱ ጋር የተበየደ እንዳይሆን እይ።