ከትናንሽ ልጆች ጋር ወደ ገጠር መንደር ለመሄድ እያሰብን ነው፤ ምክራችሁን እንሻለን

የሁለት ልጆች አባት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ለብዙ ወራት ስናወጣና ስናወርድ የቆየነውን ጉዳይ እዚህ ማቅረቤ በዚህ መንገድ አስቀድማችሁ ያለፋችሁ ሰዎች ያያችሁትን እንድታካፍሉን ነው። የአራት ዓመት ሴት ልጅና የስምንት ወር ወንድ ልጅ አሉን። የምንኖረው በትልቅ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ የራሳችን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ ልጄ ሜዳ ላይ የምትሮጠው እኛ ጊዜ አግኝተን ስናወጣት ብቻ፣ ያም በሳምንት አንድ ቀን ነው። ይህን ቤት ብንሸጥ ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በሚርቅ መንደር ውስጥ ሰፊ ግቢና የራሱ የውሃ ጉድጓድ ያለው ቤት እንገዛበታለን፤ ጥቂት ገንዘብም ይተርፈናል። ሥራዬን በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት ሆኜ መሥራት እችላለሁ፤ ሁለት ቀን ግን ቢሮ መገኘት አለብኝ። ባለቤቴ ታናሹ ከተወለደ ወዲህ ሥራ አቁማለች።

የእኔ ልብ ወደ መሄዱ ያደላል። ባለቤቴ አልቃወምም ትላለች፤ ነገር ግን ስለ ቤቱ ባነሣሁ ቁጥር ዝም እንደምትል አስተውያለሁ። ልጆቹ ከዚህ ኑሮ በእርግጥ ይጠቀማሉ ወይስ እኛ የተመኘነውን ለእነርሱ ሰጥተን ነው የምናስበው? ሆስፒታሉ 40 ደቂቃ መራቁስ ምን ያህል ሊያሳስበን ይገባል?

ስድስት ዓመት በመንደር የኖረች እናት

ወንድሜ፣ ከጻፉት ሁሉ ዐይኔ ያረፈው ባለቤትዎ ዝም ይላሉ ባሉት ላይ ነው። እኔም እንዲሁ ዝም ብዬ ስለነበር ከዚያው ልጀምር።

እኛ ስንሄድ ትልቁ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ታናሹ ገና ይጠባ ነበር። ባለቤቴ መንደሩን የሚያየው ማታ ከሥራ ሲመለስና በዕረፍት ቀን ስለነበር ገና በመጀመሪያው ወር ወደደው። እኔ ግን ከንጋት እስከ ማታ የምኖረው እዚያ ነበርና የምንነጋገረው ስለ አንድ ቦታ አይመስልም ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ መሄድ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሆኖም የሦስት ሰዓት ደርሶ መልስ መንገድ በሥራው ሰዓት ላይ ሲደመር ከቤት የሚለዩት ለ12 ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ያለዎት መኪና አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ በነዚያ ቀናት ባለቤትዎ ከሁለት ሕፃናት ጋር ያለ መጓጓዣ ይቀራሉ። ከተማ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ጎረቤት ታገኛለች፣ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ትነጋገራለች፤ ይህን ሁሉ የምታገኘው ሳታስበው ነው። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት መንደር ግን ሰው ለማግኘት አስቀድሞ ማሰብና መቃጠር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍሁት እያለቀስሁ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነገሩ የተለወጠው መንጃ ፈቃድ አውጥቼ አንድ አሮጌ መኪና ከጨመርን በኋላ ነው። ከዚያ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ ከአንዲት ጎረቤቴም ጋር ልጆቻችንን በተራ መጠበቅ ጀመርን። ዛሬ ተመልሰሽ ከተማ ግቢ ብባል እምቢ እላለሁ። ልጆቼ እንደ ልባቸው ወጥተው ይገባሉ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሁሉ በስም ያውቃሉ፣ ከብት ሲወልድ አይተዋል። ትልቁ ግን አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነ ጓደኛው ቤት ለመድረስ እንኳ የሚያደርሰው ሰው ይፈልጋል፤ ዕድሜው በገፋ መጠን ይህ እየባሰ እንደሚሄድ ካሁኑ ይታየኛል።

ስለዚህ «እንሂድ ወይስ እንቅር» ብለው አይጠይቋቸው። አንድ ተራ ማክሰኞን ከንጋት እስከ ማታ አብራችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት፦ እርስዎ ቢሮ ነዎት፣ ዝናብ ይጥላል፣ ታናሹ አልተኛም፣ ትልቋን ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያመጣት ሰው ያስፈልጋል። የዚያ ቀን ሸክም በማን ላይ እንደሚወድቅ ሲታይ ባለቤትዎ የሚናገሩት አያጡም።

የሕፃናት ነርስ

ከላይ እህታችን የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ሥራዬ በሆነው ላይ ብቻ ልጨምር።

በቅድሚያ ስለ ጉድጓዱ ውሃ። የጠራና የሚጣፍጥ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ፈጽሞ ሊገኝ አይገባም፤ የናይትሬት መጠንም በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ናይትሬት ወደ ጉድጓድ የሚደርሰው ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከከብት እበትና ከመጸዳጃ ጉድጓድ እየሰረገ ሲሆን፣ በተለይ በዱቄት ወተት የሚያድጉ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን መሸከም እንዳይችል ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ያከማቸዋል። ልጅዎ አስጊዎቹን ወራት አልፏል፤ ሌላ ልጅ ካሰባችሁ ግን ጉዳዩ እንደ አዲስ ይነሣል። ሲበዙ ጤናን የሚጎዱት ፍሎራይድና አርሴኒክ የተባሉት ንጥረ ነገሮችም አብረው ይመርመሩ፤ የሚፈቀደው መጠን ለፍሎራይድ በሊትር 1.5፣ ለአርሴኒክ 0.01 ሚሊ ግራም ነው። የባክቴሪያው ምርመራ ቢያንስ በየዓመቱ፣ እንዲሁም ጎርፍ በደረሰ ቁጥር ይደገማል።

ስለ ርቀቱ ላነሡት ጥያቄ መልሴ እንዲህ ነው። የልጆች ሕመም አብዛኛው 40 ደቂቃ መታገሥ የሚችል ነው። መታገሥ የማይችለው፣ ማለትም ትንፋሽ ሲቋረጥ ወይም ምግብ ጉሮሮ ሲዘጋ፣ ሆስፒታሉ 10 ደቂቃ ብቻ ቢርቅም አይጠብቅም፤ አንጎል ያለ ኦክስጅን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ሲቆይ መጎዳት ይጀምራልና። ስለዚህ ከተማም ኖራችሁ ገጠር፣ ሁለታችሁም የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ሥልጠና ውሰዱ። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሲታነቅ ሆዱ አይጫንም፤ ጀርባው ላይ አምስት ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ ደረቱ አምስት ጊዜ ይጫናል፣ ይህም ይደጋገማል። ልጅዎ ዓመት ሲሞላው ይህ አሠራር ስለሚለወጥ ሁለቱንም በተግባር መለማመድ ያሻል። ትኩሳት የሚያስከትለው መንቀጥቀጥም ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በፊት ይቆማል። ካለፈ ግን አስቸኳይ ርዳታ ይጠራል። ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ወላጅ በጨለማ መንገድ በፍጥነት ሲነዳ የሚደርሰው አደጋ ከመንቀጥቀጡ ሊብስ ይችላል።

ልጆቹ ይጠቀማሉ ወይ ላሉት፣ አንዳንዱ ጥቅም በጥናት የተደገፈ ነው። በቻይና ጓንጁ ከተማ ተካሂዶ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣ ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ ተደርጎ ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቅ የማየት ችግር የጀመራቸው 30 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ግን 40 በመቶ የሚጠጉት ላይ ታይቷል። ይህ ግን የደጅ ብርሃን ጥቅም ነው፤ ከተማም ውስጥ ይገኛል። አስምን በተመለከተ በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በዘር የሚቀራረቡ ሁለት ገበሬ ማኅበረሰቦችን አነጻጽሮ ነበር፦ በቤታቸው አጠገብ በባህላዊ መንገድ ከብት የሚያረቡት የአሚሽ ልጆች ላይ አስም የተገኘው 5 በመቶ፣ በትልልቅ ዘመናዊ እርሻዎች በሚኖሩት የሃተራይት ልጆች ላይ 21 በመቶ ነበር። ሁለቱም ገጠር ነዋሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ገጠር መኖር ብቻውን ጋሻ አይሆንም። የጸረ ተባይ መድኃኒት በሚረጭበት ማሳ ዳር፣ ወይም በማገዶ ጭስ በታፈነ ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ከከተማ ልጅ የተሻለ አየር አይተነፍስም።

ጉድጓዱ ልጅ ሊያነሣው የማይችል ክዳን ይኑረው፤ በአቅራቢያው ኩሬ ካለ ይታጠር። ሰምጠው ከሚሞቱት መካከል ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ቁጥር ከፍተኛ ነውና ይህ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የተመለስን

እኛ ስለተሳሳትንበት ልናገር። ቤቱን ያየነው ሦስት ጊዜ ሲሆን ሦስቱም ጊዜ ፀሐይ ነበር። የከተማውን ቤታችንን ሸጠን ገባን። አየሩ ሲከፋ መንገዱ በጭቃ ተዘጋ፣ መብራት በተደጋጋሚ ጠፋ፣ ከቤት ሆኜ እሠራለሁ ያልሁበት ኢንተርኔትም አብሮ ጠፋ፤ አሠሪዬ ሁለት ወር ታግሦ በየቀኑ ቢሮ እንድገኝ አዘዘኝ። የመንደሩ ትምህርት ቤት በአንድ መምህር ሦስት ክፍሎችን አንድ ላይ የሚያስተምር ነበር። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ሴት ልጄ ማንበብ የቻለችው ከታላላቆቿ አጠገብ ተቀምጣ ስትሰማ ነው። ነገር ግን የተማሪው ቁጥር እያነሰ ሄዶ በሁለተኛው ዓመት ተዘጋ፤ ቀጣዩ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ 50 ደቂቃ ነበር። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር ጠይቁ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ስንት እንደነበሩም ጠይቁ።

ልንመለስ ስንል የሸጥነው ቤት ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆኖ ጠበቀን። ቤታችሁን አትሽጡ፤ አከራዩትና በዚያው መንደር ቤት ተከራዩ፣ ያውም አየሩ በሚከፋበት ወቅት። እኛን የጎዳን የገጠሩ ኑሮ ሳይሆን መመለሻ አለመኖሩ ነው፤ ባለቤቴ መውጫ እንደሌላት ስታውቅ ጥሩውንም ነገር ማየት አልቻለችም።

የሁለት ልጆች አባት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማክሰኞውን አብረን ጻፍነው። ባለቤቴ መንደሩን እንደማትጠላ፣ የምትፈራው ግን እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ልጅ ሲታመም ብቻዋን መሆንን እንደሆነ ነገረችኝ፤ ይህን በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ቤታችንን ለአንድ ዓመት ልናከራይ፣ መንደሩ ውስጥም አየሩ ከሚከፋበት ወር ጀምረን ልንከራይ ተስማምተናል። ከዚያ በፊት እርሷ መንጃ ፈቃድ ታወጣለች፤ ሥልጠናውንም ሁለታችን እንወስዳለን። በዓመቱ መጨረሻ «እንመለስ» ካለች እንመለሳለን፤ ይህንንም ቃል ገብቼላታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የምንከራየውም ቤት የራሱ ጉድጓድ አለው። የውሃውን ናሙና ራሴ መውሰድ እችላለሁ?

የሕፃናት ነርስ

ይችላሉ። ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ይቀበሉ፤ ለባክቴሪያ ምርመራ በቤት የታጠበ ጠርሙስ አይሆንም። የቧንቧውን አፍ ያጽዱ፣ ውሃውን ለጥቂት ደቂቃዎች ያፍስሱት፣ ከዚያ የጠርሙሱን ውስጥም ሆነ የክዳኑን ውስጥ ሳይነኩ ይሙሉ። በቅዝቃዜ ይዘው በዚያው ቀን ያድርሱት፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ ውጤቱ አይታመንም። ለናይትሬት ሌላ ጠርሙስ ስለሚያስፈልግ ሲሄዱ ሁለቱንም ይጠይቁ፤ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላም አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ጉድጓዱ ከላይ የሚገባበት ነገር ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው።