ኪክና ቤዝ ሲጋጩባችሁ፦ የሳይድቼይን ጥቆማ

ሳይድቼይን ማለት አንድ ድምፅ በመጣ ቁጥር ሌላውን ዝቅ የማድረግ ዘዴ ነው፤ እዚህ ኪኩ (ትልቁ የከበሮ ምት) ቤዙን ዝቅ ያደርጋል። ለዚህ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ልትገዙ ካሰባችሁ ትንሽ ቆዩ። የምትሠሩበት የሙዚቃ ሶፍትዌር ይዞት የሚመጣው ኮምፕረሰር (ከፍ ያለን ድምፅ በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ) አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። መጀመሪያ እሱን ልመዱት። የሚጎድላችሁን ካወቃችሁ በኋላ ግዙ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፕረሰሩን ቤዙ ላይ ታስገባላችሁ፤ የሚያዳምጠው ግን ኪኩን ነው። ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ሁለቱ ታች ላይ መሻማታቸው ይቀራል።

ከሶፍትዌሮቹ በቅለት አብልተን ላይቭን እመርጣለሁ። ኮምፕረሰሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ተጫኑ፣ ሳይድቼይኑን አብሩ፣ ኪኩን ከዝርዝሩ ምረጡ፤ አለቀ። ሎጂክ ፕሮም ብዙ አይለይም። ጀማሪ የሚደናገረው ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ነው። ሚክሰሩ ላይ ኪኩን መርጣችሁ፣ ቤዙ ትራክ ግርጌ ያለችውን ቀስት በቀኝ ክሊክ ንኩና ሳይድቼይን የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ቤዙ ላይ ፍሩቲ ሊሚተርን ክፈቱ፣ ወደ ኮምፕረሰር ገጹ እለፉ፣ የሳይድቼይኑንም ቁጥር ቀይሩ። ይህን ቁጥር የዘለለ ሰው ምንም ለውጥ አይሰማም። ሪፐር ላይ ደግሞ ኪኩን ወደ ቤዙ ትራክ ቻናል 3/4 ላኩና ሪኮምፕ (የሪፐር ኮምፕረሰር) የሚያዳምጠውን ወደ ኦግዚለሪ ኢንፑት አዙሩት።

ከየትኛውም ሶፍትዌር በላይ ውጤቱን የሚወስነው ግን ሪሊዙ ነው፤ ማለትም ቤዙ ዝቅ ካለ በኋላ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ። 60,000ን ለቴምፖው (በደቂቃ ላለው የምት ብዛት) ስታካፍሉ የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይወጣል፤ ቴምፖው 120 ከሆነ 500 ማለት ነው። ቤዙ ቀጣዩ ኪክ ሳይመጣ መመለስ አለበት። ሬሾ (የቅነሳው ጥንካሬ) 4 ለ 1፣ አታክ (ቅነሳው ለመጀመር የሚወስደው ጊዜ) 5 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ 100 ሚሊሰከንድ አድርጋችሁ ጀምሩ። ትሬሽሆልዱን (ቅነሳው የሚጀምርበትን የድምፅ መጠን) ቤዙ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል እስኪቀንስ አውርዱት። አታኩን ግን እስከ ጥግ አታሳጥሩት፤ ወፍራም ቤዝ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያመጣል። ስታስተካክሉም ቤዙን ለብቻው አትስሙ፤ ሙሉው ሙዚቃ ይጫወት።

ገንዘብ ወደሚወጣባቸው ፕለጊኖች ስንመጣ፣ ኪክስታርትና ኤልኤፍኦ ቱል ኮምፕረሰሮች አይደሉም። ድምፁን በተሳለ ቅርጽ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ኪኩ በየምቱ እኩል ለሚመታበት የዳንስ ሙዚቃ ፈጣንና ንጹሕ ናቸው። ኪኩ ወጣ ገባ ለሚልበት ሙዚቃ ግን እኔ እውነተኛውን ሳይድቼይን አልለቅም።

አንድ ብቻ ግዙ ከተባለ ትራክስፔሰር የተባለውን ፕለጊን እላለሁ። ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በ32 ባንድ (ክፍል) ከፋፍሎ የሚጋጨውን ክፍል ብቻ ይቀንሳል። ቮካል በጊታርና በኪቦርድ ሲዋጥ፣ ጀርባው ሳይከስም ቃላቱ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ፋብፊልተር ፕሮ-ሲ 2 የተባለው ኮምፕረሰርም ግሩም ነው፤ ቅነሳውን በዓይን ስለሚያሳይ መማር ለሚፈልግ በጣም ይረዳል።

ፖድካስት ብቻ ለምትሠሩ ሙዚቃውን ንግግር ሲመጣ በራሱ ዝቅ የሚያደርገው የኦዳሲቲ አውቶ ደክ በነጻ አለ። የንግግሩን ትራክ ከሙዚቃው ሥር አስቀምጡና ሙዚቃውን መርጣችሁ አስጀምሩት።

ኪኩ በማይሰማበት ቦታም ፓዱ (ከጀርባ የሚዘረጋው ለስላሳ ድምፅ) ከፍ ዝቅ እንዲል የምትፈልጉ፣ የኪኩን ቅጂ በሌላ ትራክ አድርጋችሁ ከማስተር (ከዋናው የድምፅ መውጫ) ቁረጡት፤ ኮምፕረሰሩ እሱን ያዳምጥ። ሚዩት ብቻ ካደረጋችሁት በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ወደ ኮምፕረሰሩ የሚሄደውም ድምፅ አብሮ ይቋረጣል።